የረፋድ መርዶ

«እማ እንዳትሰማ» አለ ኢዶሳ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኛ ቀብረን እንመለስና ነገ ማለዳ ዘመድ ሰብስበን እናረዳታለን። አንቺ ብቻ ዛሬ ከቤት እንዳትወጣ አድርጊልኝ።»

ፀዲ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መተላለፊያው ላይ በተወጠረው ገመድ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ሥራ የለም። አጎቷ ኢፋ ሌሊቱን ወሊሶ ላይ ማረፉን የሰማችው ገና አሁን፣ የአንሶላው አንድ ጫፍ በእጇ እንዳለ ነው። ኢዶሳ የአክስቷ የየሺሀረግ ልጅ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወደዚያ ሄዷል። ድምፁ ቢደክምም ነገሩን ሁሉ አስቦ ጨርሷል። እናቱ የደም ግፊት አለባት። ኢፋ ደግሞ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከወንድሞቿ የቀረላት እሱ ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ብትወድቅስ? መቃብሩ አፋፍ ላይ ብትወድቅስ? ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወደ እሷ እንዳይደውል ተነግሮታል። ፀዲ እሺ፣ እሺ እያለች አዳመጠችው። ሊዘጋ ሲል ግን ሊያጽናናት ፈልጎ ይመስላል፣ አንድ ነገር ጨመረ። «ላንቺም እኮ ያኔ እንደዚሁ ነው ያደረግነው። ይኸው ተመርቀሽ ሥራ ያዝሽ። ምን ሆንሽ? ደህና አይደለሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች ፀዲ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። ደስታ ነበር። ለማንም የሚነገር አይደለም፣ ግን እውነቱ እሱ ነው፤ አንድ ሰው ከጀርባዋ ከባድ ዕቃ ያወረደላት ይመስል ትከሻዋ ቀለላት። አክስቷ እሷ የቀመሰችውን እንድትቀምስ ስትመኝ ኖራለች፤ ይኸው ቀኑ መጣ፣ ያውም እሷ ጣቷን ሳታነሳ። ማንም አይወቅሳትም። እንዲያውም ያመሰግኗታል።

ያኔ የሚባለው ፀዲ ጅማ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዋ ላይ የነበረችበት ጊዜ ነው። እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ያደገችው ጌጃ ሰፈር፣ አባቷ ሰላሁን ከእህቱ ከየሺሀረግ ጋር በሚኖርበት ቤት ነው። በዚያ የፈተና ሳምንት አባቷ ሞተ። የሺሀረግም ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል ብላ አዘዘች። በተቀበረ ዕለት ማታ ፀዲ ደውላ አባቷን እንዲያቀርቡላት ብትጠይቅ፣ አክስቷ በዚያ በማይሰበር ድምፅዋ «ተኝቷል» አለቻት። ፀዲም «እሺ፣ አትቀስቅሱት» አለች። ይቺን «አትቀስቅሱት» ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃታት። ፈተናዋን ጨርሳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ ቤቱ ጥቁር በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ጠበቃት። ድንኳኑ እንኳ ተነቅሏል። አባቷ ወሊሶ፣ ወላጆቹ ባረፉበት ደብር ከተቀበረ ሰንብቷል። እሷም በእልህ መቃብሩን ሄዳ አይታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ አክስቷን አንቱ ትላታለች። ጮኻባት አታውቅም፣ በር ደርግማባት አታውቅም፤ መድኃኒቷን ትገዛላታለች፣ ሐኪም ቤት ታደርሳታለች። ጎረቤቱ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ይላል። ይህ አንቱታ ምን እንደሆነ የምታውቀው የሺሀረግ ብቻ ናት፤ እሷም ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። የማይጸጽታት ይሁን መናገር የማትችል፣ ፀዲ መለየት ከተወች ቆይታለች። ቂም ይዛ መቁረብም አልፈለገችም። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ይቅርታ ሳትጠይቀኝ እንዴት ይቅር እላታለሁ ብላ ስትሞግታቸው፣ ሽማግሌው ካህን «ብትጠይቅሽማ ኖሮ ምን ቸገረሽ» ብለው ተራ ወደሚጠብቅ ሌላ ሰው ዞሩ። ተናደደች። ግን ማታ ማታ አባታችን ሆይን ስትደግም፣ በደልን ስለ መተው የሚለው ቦታ ስትደርስ አፏን ትገጥምና ከዚያ ቀጥሎ ካለው ትቀጥላለች። ለእግዚአብሔር የማታደርገውን አደርጋለሁ ማለት አይሆንላትም።

ወደ ቤት ስትገባ የሺሀረግ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ለኢፋ የምትልክለትን ሹራብና የጉልበት ቅባት በፌስታል ትጠቀልላለች። ወደ ወሊሶ የሚመላለስ ሾፌር ታውቃለች፤ ማታ ሜክሲኮ ይጠብቃታል። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ከጌጃ ሰፈሩ ቤት የመጣው ትልቁ ቁም ሳጥን ግማሹን መስኮት ሸፍኖታል፤ ኢዶሳ እንሽጠው ባለ ቁጥር አክስቷ እኔንም አብራችሁ ሽጡኝ ትላለች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው።

«ዛሬ ስልኬ ምን ነክቶታል?» አለች የሺሀረግ። «ቅዳሜ ጠዋት የማይደውልልኝ ሰው የለም ነበር። ካርድ አልቆ ይሆን?»

«ካርድ ቢያልቅ እርስዎ ነዎት እንጂ መደወል የማይችሉት፣ ለእርስዎ ይደወላል።»

«እንግዲያው ሰዉ ነው ያለቀው። እስቲ ወደ ኢፋ ደውይልኝ፣ ማታ ዕቃ እንደምልክለት ልንገረው።»

ፀዲ ስልኩን ተቀበለች። የደወለች መስላ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«አያነሳም» አለች። «ተኝቶ ይሆናል።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው የከፋው። ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ? አክስቷ ያን ቀን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ምን እንዳደረገች፣ የት ሄዳ እንደተቀመጠች ፀዲ ጠይቃ አታውቅም። አሁንም መጠየቅ አልፈለገችም። ቲማቲም ልግዛ ብላ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

ከሕንፃው ጀርባ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጠው ቢልቂስ ናት። ከፊት ለፊቷ ካለው ብረት ቤት የመበየጃ ብልጭታ ይፈናጠቃል፤ ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ቲማቲም ሰማንያ ገብቷል።

«ትናንት ስልሳ አልነበረም እንዴ?» አለች ፀዲ፣ ለመከራከር ያህል።

«ትናንትማ ትናንት ነበር» አለች ቢልቂስ ሚዛኑን እያነሳች። «ምነው ፊትሽ? የሞተብሽ ሰው ያለ ትመስያለሽ።»

ፀዲ ቲማቲሙን ስትመርጥ ስልኳ ጮኸ። ኢዶሳ ነው። አሁን ድምፁ ተጣድፏል። ካህናቱ ፍትሐት ሊጀምሩ የኢፋን የክርስትና ስም ጠይቀው የሚያውቀው ሰው ጠፋ። ልጅ የለው፣ ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፣ የንስሐ አባቱም አምና አርፈዋል። ስሙ ሳይጠራ እንዴት ይፈታል? ክርስትና ሲነሳ አብራ የነበረች፣ በሕይወት ያለች አንድ ሰው ብቻ ናት፤ የሺሀረግ። «አንድ ዘዴ ፍጠሪና ጠይቂያት» አለ። «ለጸሎት ነው በያት። አንቺ አታጪም።»

ፀዲ ቲማቲሙን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ፎቅ በፎቅ ውሸቷን አስተካከለች፣ አለሰለሰች፣ አሳመረች። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የቤተሰቡን ስም ላስጠራ ነው፣ የሁላችሁንም ይንገሩኝ። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ውሸቱ እንከን አልነበረውም።

አክስቷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ፀዲ የተዘጋጀችውን አለች። የየሺሀረግ እጅ ፌስታሉ ቋጠሮ ላይ ቆመ።

«ስም ልታስጠሪ» አለች ቀስ ብላ። «ጥሩ ነው። የኢፋን ነው የምትፈልጊው?»

«የሁላችሁንም።»

«የኢፋ ወልደ ሰንበት ነው። እሑድ ቀን ነው የተነሳው፤ እኔ ነኝ አዝዬ የሄድኩት፣ እናታችን ገና አራስ ነበረች። ውኃው ሲነካው አላለቀሰም፣ ካህኑ ገርሟቸው ነበር።» ቋጠሮውን ፈታች። ሹራቡን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋችው። «የእኔ ወለተ ሐና። የአባትሽ ገብረ ጻድቅ። ያንቺን አትጻፊው።»

«ለምን?»

«ያንቺን በየወሩ በልደታ ቀን እኔ አስጠራለሁ። ሁለት ጊዜ ምን ያደርጋል?»

ይህን ያለችው ሹራቡን እያየች ነው። ፀዲ ከዚህች ሴት ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ኖራ ወለተ ሐና መባሏን አታውቅም ነበር። ወደ መተላለፊያው ወጣች፣ «ወልደ ሰንበት» ብላ ለኢዶሳ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ተባረኪ፣ አልጠረጠረችም አይደል?

ከዚህ በኋላ ፀዲ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ቲማቲሙን አጥባ ወጥ መሥራት፣ ቴሌቪዥን መክፈት፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ መጠበቅ ብቻ ነው። ነገ ማለዳ ዘመዶቹ ሲገቡ የአክስቷን ፊት ታያለች። ስንት ሌሊት የተመኘችው ፊት ነው። ርጥብ አንሶላዎቹ መሀል ቆማ የብረት አጥሩን ያዘች። ስሟን በየወሩ ማስጠራቷ ያደረገችውን አያጠፋውም፤ ፀዲ እንዲህ በመሰለ ነገር የምትታለል ልጅ አይደለችም። የተደረገው ክፉ ነበር፣ ዛሬም ክፉ ነው፤ ማንም ደግ አስቦ ነው ቢላት አትቀበልም። እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ግን ምንም አልነበረም ብሎ መፈረም ይመስላት ነበር። አሁን ዕዳው ዕዳ መሆኑ ሳይካድ መተው እንደሚቻል፣ ምናልባትም የሚተወው እንዲያ ያለው ብቻ እንደሆነ ታያት። ብትጠይቅሽማ ኖሮ ምን ቸገረሽ። አባታችን ሆይ ብላ ጀመረች፣ በሹክሹክታ። እዚያ ቦታ ስትደርስ አፏ እንደ ልማዱ ሊገጥም አለ፤ አልተወችውም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትንፋሿን ይዛ አለችው፣ ወለተ ሐና የሚለውን ስም መሀሉ አስገብታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ምንም አልሆነም። ልቧ አልሞቀም፣ እንባዋም አልመጣም። ታች ብረት ቤቱ መደብደቡን ቀጥሏል። ግን እግሯ ከጌጃ ሰፈር ጀምሮ ጎረቤቷ ወደ ሆነችው ወደ ቀመሪያ በር ሄደ።

«በከር አለ? መኪናዋ ትሠራለች?»

ቀመሪያ የወሎ ሰው ናት፣ ሥራዋ ነርስነት ነው፤ ባሏ በከር አሮጌ ቪትዝ አለው። ጉዳዩን ስትሰማ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ አፏን ያዘች። «አላህ ያጽናችሁ። እና አሁን ልትነግሪያት ነው? በዚህ ረፋድ፣ ዘመድ በሌለበት? መርዶ እንዲህ ይነገራል?»

«ነገ ከተነገራትማ ተቀብሯል።»

«ኢዶሳ ይጣላሻል።»

«ይጣላኝ።»

«እሷ እኮ ያኔ አንቺን…» አለችና ቀመሪያ አቋረጠችው።

«አዎ» አለች ፀዲ። «አዎ፣ እሷ ናት።»

ቀመሪያ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳ «በከር፣ ተነስ፣ ሱሪህን ልበስ» ስትል ተሰማ። የግፊት መለኪያዋን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወጣች። «ብቻሽን አትገቢም» አለች።

የሺሀረግ ሶፋው ላይ አልነበረችም። መኝታ ቤት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኟት። የመንገድ ጫማዋን ተጫምታለች፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። የኢፋ ሹራብ እጇ ላይ ነው። ፀዲ ደረጃ ላይና መተላለፊያው ላይ ያሰናዳችው ሁሉ፣ ትንሽ አሞት ነበር የሚለው፣ ሐኪም ዘንድ ወስደውት የሚለው፣ ከአፏ ጠፋ። ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«እቴቴ፣ ኢፋ ዐረፈ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ከወጣን ትደርሻለሽ።»

የሺሀረግ አልጮኸችም። ቀመሪያ ከጎኗ ተቀምጣ ክንዷን ያዘቻት።

«ስሙን ስትጠይቂኝ ነው ያወቅኩት» አለች በመጨረሻ። «ለታመመም ይጠየቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ መተላለፊያው ላይ አንሶላው መሀል ቆመሽ አየሁሽ። ጫማዬን አደረግኩና ተቀመጥኩ። ከነገረችኝ እሄዳለሁ፣ ካልነገረችኝ አወልቀዋለሁ አልኩ።» ሹራቡን ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ቃሉ በሱፉ ውስጥ ታፍኖ ወጣ። «ባትነግሪኝም እውነትሽን ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶው የመጣው። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዝ ጀመር። ፀዲ ጉልበቷን እንዳቀፈች ቀረች። የአክስቷን ገላ በዚህ ቅርበት ካሸተተች ቆይታ ነበር፤ የሳሙናና የቅባት ሽታው ያው ነው። በከር በር ላይ ጫማውን አውልቆ ቆመ፣ አንገቱን ደፋ። ግፊቷ ሲለካ ከፍ ብሏል፣ ግን መንገድ የሚያስቀር አይደለም አለች ቀመሪያ፤ ክኒኗን አውጥታ በውኃ አዋጠቻት።

ኢዶሳ የደወለው ሰበታን ሲያልፉ ነው። ፀዲ ሁሉንም ነገረችው። እሷ ላይ ጮኸ፣ እናቴን ገደልሻት አለ፤ ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ መኪናዋን ሞላት። የሺሀረግ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለች። «ኢዶሳ፣ እንድትጠብቁኝ ነው የምፈልገው» አለች። «ሳልደርስ አፈር እንዳታለብሱት።» ዘጋችው። በከር ነዳጅ ረገጥ አደረገ። ለቤንዚኑ ፀዲ ብር ስታቀርብለት እንደ ስድብ ቆጥሮት ነበር፤ አሁን ከመስተዋቱ ውስጥ አንድ ጊዜ አያትና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ከቱሉ ቦሎ ወዲያ ማሳው በሁለቱም በኩል ለጥ ብሎ ተዘረጋ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ቀመሪያ ከፊት ወንበር ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የራሷን ጸሎት ትጸልያለች። የሺሀረግ ማልቀስ አቁማ መስኮቱን ተደግፋ ነበር። ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማውራት ጀመረች።

«አባትሽን የወሰድነው በዚሁ መንገድ ነው። ዝናብ አልነበረም፣ ንፋስ ግን ነበር። እዚህ ወዲያ ማዶ የአስከሬኑ መኪና ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫ ይኑረው እንጂ መፍቻ የለውም። ኢፋ ነው አውቶቡስ አስቁሞ ለምኖ ያመጣው። በሐዘን ልብሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ጎማ ቀየረ። ሱሪው ሁሉ አቧራ ሆነ። ሰላሁን ይኼን ቢያይ ዓመት ሙሉ ይስቅብኝ ነበር እያለ፣ እያለቀሰ ነው የሚቀይረው።»

ፀዲ ከተደገፈችበት ቀና አለች። የአባቷን ቀብር ማንም ነግሯት አያውቅም። አልጠየቀችም፤ እነሱም አልደፈሩም። እስከ ዛሬ በሐሳቧ ውስጥ የነበረው አንድ የተዘጋ በር ብቻ ነበር፣ ከበሩ ወዲያ አቧራ የነካው ሱሪ እንዳለ አታውቅም ነበር።

«ደብሩ ስንደርስ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል» አለች የሺሀረግ። «ንፋሱ የቄሱን ጥላ ገለበጠው። ጎረቤቶቻችን ከጌጃ ሰፈር ድረስ በሁለት መኪና መጥተው ነበር፤ የበከር ወንድም ሙኒርም ነበር።»

«ነበር» አለ በከር ከፊት።

«አፈር ሲለብስ እኔ አንድ እፍኝ ጣልኩ። ቀጥዬ አንድ ስለ አንቺ ጣልኩ፣ ስምሽን ጠርቼ። ማንም አልሰማኝም፣ ንፋስ ነበር።» መዳፏን ዘርግታ አየችው። «ያንቺ እጅ እንደማይሆን አውቃለሁ።»

አይሆንም። ሌላ ሰው የጣለው አፈር የራስ አይሆንም፤ ሁለቱም ያውቁታል፣ ይህን የሚያስተካክል ነገር ወሊሶ ላይም አይጠብቃቸውም። ፀዲ ግን ወንበሩ ላይ ተጠጋች፣ በመሀላቸው የነበረውን ሹራብ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ጭንቅላቷን የአክስቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ትከሻው ሸሸት አላለም።

«ከዚያስ?» አለች።

የሺሀረግ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ቀጠለች።